«ደሙ ታይቷል ወይ?»

ወንድሜ ስኪዞፍሬንያ የሚባለው የአእምሮ ሕመም አለበት ሲባል እናቴ መጀመሪያ የጠየቀችው «ደሙ ታይቷል ወይ?» ብላ ነው። ታይቷል፤ ታይሮይዱም ስኳሩም ደህና ነው። እሷ ግን አልተዋጠላትም። እኔም ማታ ማታ ሳነብ ቢዲኤንኤፍ የሚባል ፕሮቲን አገኘሁ፤ በ1982 እ.ኤ.አ. ከአሳማ አንጎል ተጣርቶ የወጣ፣ የነርቭ ሴሎች እንዲያድጉና እንዳይሞቱ የሚያግዝ። ይህ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ደም ውስጥ በአማካይ ዝቅ ይላል። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ግን በድብርትም ይቀንሳል፣ የጤነኛውና የታማሚው ቁጥርም ይደራረባል። ደግሞ አብዛኛው የሚከማቸው ደም እንዲረጋ በሚያግዙት ጥቃቅን የደም ክፍሎች፣ በፕሌትሌቶች ውስጥ ስለሆነ፣ ደሙ ቱቦው ውስጥ ሲረጋ እየተለቀቀ ልኩን ከፍ ያደርገዋል፤ ናሙናው ስንት ደቂቃ እንደቆየ ራሱ ውጤቱን ይቀይራል ማለት ነው።

«እስካሁን በደም አይለይም፣ እማዬ» አልኳት።

«ታዲያ ያን ሁሉ ደም ለምን ቀዱት?»