ባንኩን ትቼ ፒላተስን ሙሉ ሥራዬ ካደረግሁ ወዲህ

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ባንኩን ይዘሽ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ብታስተምሪ ምን ነበረበት?» እኔም ራሴን ስጠይቅ ከርሜያለሁ። አሁን መልስ አለኝ ብዬ ስለማምን ነው የምጽፈው። በተለይ ደሞዝ እየበላችሁ በጎን ፒላተስ (ሆድንና ጀርባን የሚያጠነክር የሰውነት እንቅስቃሴ) የምታስተምሩና ልውጣ አልውጣ እያላችሁ የምታመነቱ ብታነቡት ደስ ይለኛል።

እኔ በአንድ የግል ባንክ የብድር ክፍል ነበርኩ። የደንበኛ ሒሳብ መመርመር፣ መያዣ ማስገመት፣ ለኮሚቴ ማቅረብ። ሥራውን አልጠላሁትም። ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ስለምውል ግን ወገቤን ያመኝ ጀመር። ሐኪሙ ጡንቻሽን አጠንክሪ አለኝና ፒላተስ ልሠራ ምንጣፍ ገዛሁ። ሕመሙ ሲቀለኝ ማቆም አልቻልኩም።

የዘዴው ባለቤት ጆሴፍ ፒላተስ እ.ኤ.አ. በ1883 ጀርመን የተወለደ ሰው ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች «ማን» በተባለው ደሴት ካምፕ ይዘውት ሳለ አብረውት የታሰሩትን ያሠራ ነበር። በኋላ ኒው ዮርክ ገብቶ ከሕይወት አጋሩ ከክላራ ጋር ስቱዲዮ ከፈተ። የከተማው ዳንሰኞች ሲጎዱ ወደ እሱ ይሄዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1945 ያሳተመው መጽሐፍ ውስጥ 34 የምንጣፍ እንቅስቃሴዎች አሉ። ለሁሉም የሚያስፈልገው ወለልና ምንጣፍ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ ከዜሮ ለሚነሳ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ሪፎርመር (በስፕሪንግ የሚሳብ ተንሸራታች አልጋ ያለው የፒላተስ መሣሪያ) ለምን አልገዛሽም የሚሉኝም አሉ። ከውጭ ማስገባቱ ከአቅሜ በላይ ነው። አንድ ብረት ሠራተኛ ፎቶውን አይቶ እሠራልሻለሁ ብሎኝ ነበር። ፍሬሙን ይሠራዋል፣ አልጠራጠርም። ስፕሪንጉ ግን ኃይሉ የተለካ መሆን አለበት። በየጊዜውም መቀየር አለበት። ሰው ተኝቶበት እግሩን እየገፋ ሳለ ቢበጠስስ? አይሆንም አልኩት።

ስለ ስልጠናው አንድ ምክር ልስጥ። ንድፈ ሐሳቡን በኢንተርኔት ተማርኩ፣ ተግባሩን ዱባይ ሄጄ ጨረስኩ። ክፍያው በዶላር ነው። ግማሹን ከፍዬ እንደጨረስኩ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። የቀረኝ ክፍያ በብር ሲሰላ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። እና ከቻላችሁ ሙሉውን በአንዴ ክፈሉ።

ከባንክ ለሚወጣ ሰው ዋናው ነገር የሠራተኛ ብድር ነው። በዝቅተኛ ወለድ የወሰድከው ብድር ሥራ ስትለቅ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ሊሰላብህ ይችላል። እኔ የእኔን ከፍዬ እስክጨርስ መልቀቂያ አላስገባሁም። ያ ነው እንቅልፍ የሰጠኝ። ጡረታም አለ። ከደሞዝህ 7 በመቶ ሲቆረጥ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርልሃል። ስትወጣ ያ 11 በመቶ ይቋረጣል፣ ስለዚህ በየወሩ ራሴ አስቀምጣለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ቅዳሜ ብቻ ሳስተምር አንድን ሰው በሳምንት አንዴ ነበር የማየው። እኔም ሳምንቱን በሙሉ የብድር ፋይል ሳገላብጥ ስለምሰነብት ዓይኔ ይደክማል። ቅደም ተከተሉን አውቃለሁ፣ እቆጥራለሁ፣ ክፍሉ ያልፋል። በየቀኑ ማስተማር ስጀምር ግን ያው እንቅስቃሴ በተለያየ ሰውነት ላይ ጠዋትና ማታ ፊቴ ይመጣል። ያኔ ነው ማየት የጀመርኩት።

ሀንድረድ (መቶ) የሚባለውን እንቅስቃሴ እንውሰድ። ጀርባ ላይ ተኝቶ፣ ራስን አንስቶ፣ እጅን ወደ ላይና ወደ ታች እየመቱ አምስት ቁጥር አየር መሳብ፣ አምስት ቁጥር ማስወጣት፣ አሥር ዙር። በመጽሐፉ ቅደም ተከተል የመጀመሪያው ይሄ ስለሆነ ብዙ አስተማሪ በዚህ ይጀምራል። ዛሬ ለአዲስ ሰው ራስ ምንጣፉ ላይ እንዳለ፣ ጉልበት ታጥፎ ነው የማስጀምረው። መጀመሪያ የማየው ሆድን ነው። አየር ሲወጣ ሆድ ወደ ውስጥ ይገባል ወይስ መሀሉ ላይ ጉብ ይላል? ጉብ ካለ እንቅስቃሴው ለሆዱ ከብዷል ማለት ነው። በተለይ ወልደው የሆድ ጡንቻቸው መሀሉ ገና ያልገጠመላቸው እናቶች ላይ ይሄ ቶሎ ይታያል። ከዚያ አንገትን አያለሁ። የአንገት ጅማት ከተገተረ ሥራውን ሆድ ትቶ አንገት ይዞታል።

ሮል አፕ፣ ማለትም ከተኙበት አከርካሪን እየጠቀለሉ ቀስ ብሎ መነሳት፣ ደግሞ የቢሮ ሠራተኛ ፈተና ነው። ከተኛበት ሲነሳ ግማሽ ላይ ይቆማል፣ ከዚያ እጁን ወርውሮ ይነሳል። ሆዴ ደካማ ነው ይላል። ብዙ ጊዜ ግን የታችኛው ጀርባው አልታጠፍ ብሎ ነው፣ የጭኑ የኋላ ጡንቻም አጥሯል። ጉልበት አሳጥፌ ከመቀመጥ ወደ ኋላ ግማሽ መንገድ ብቻ እንዲወርድ አደርጋለሁ። እግሩ ላይ ላስቲክ ጠምጥሞ ቢይዝም ይረዳል። በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚመጣ ሰው ላይ ለውጡን አከርካሪው ላይ አንድ በአንድ ታየዋለህ። ይሄን ቅዳሜ ብቻ በማስተማር አላገኘውም ነበር።

አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት አሉኝ፣ እትዬ ነው የምላቸው። የመጡ ቀን «ልጄ፣ ሐኪሙ የሰጠኝን ወረቀት እዪልኝ» አሉኝ። የአጥንት መሳሳት አለባቸው። ከ34ቱ ውስጥ ብዙዎቹ አከርካሪን ወደ ፊት የሚያጥፉ ናቸው። ለሳሳ አጥንት ይሄ አደጋ ነው፣ የአከርካሪው የፊት ክፍል ተጨምቆ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ ሀንድረድንም ሮል አፕንም አላሠራቸውም። በሆድ ተኝቶ ደረትን በትንሹ ማንሳት፣ በጎን ተኝቶ እግር ማንሳት፣ ጀርባን ቀጥ አድርጎ ዳሌን ከወለል ማንሳት፣ ቆሞ ሚዛን መጠበቅ እንሠራለን። ሐኪማቸውን አስፈቅደን ነው የጀመርነው። በቀደም ደረጃውን መደገፊያ ሳልይዝ ወጣሁ ብለው ሲነግሩኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ሙሉ ጊዜ ሲባል ግን እንደ ቢሮ ከሁለት እስከ አሥራ አንድ እንዳይመስላችሁ። ሰው የሚመጣው ከሥራ በፊት ወይም ከሥራ በኋላ ነው። እኔ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል እጀምራለሁ፣ ማታ 2 ሰዓት እጨርሳለሁ። መሀሉ ክፍት ነው። ያን ሰዓት ለእናቶችና ለጡረተኞች የግል ትምህርት ሰጥቼዋለሁ። በዐቢይ ጾም የጠዋቱ ክፍል ይሳሳል፣ እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ የሚቆዩ ስላሉ ወደ ማታ አዛውራቸዋለሁ። መስከረም የትምህርት ቤት ክፍያ ወር ነው፣ ተማሪ ይቀንሳል። ከፋሲካ በኋላ ክፍሉ ይሞላል። የእኔ በጀት አሁን የሚከተለው ይሄን ነው። በየክፍሉ ማስከፈል ትቼ በወር ማድረጌም ገቢዬን አረጋግቶልኛል።

የባንክ ደሞዜን ያህል በየወሩ አላገኝም። በአንዳንዱ ወር እበልጠዋለሁ፣ በመስከረም እጎድላለሁ። ግን ወደ ብድር ክፍል ልመለስ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ቀጥሎ የምፈልገው ሌላ ሰው ሲያስተምር ማየትና እኔ ሳስተምር መታየት ነው። አዲስ አበባ የምታስተምሩ ካላችሁ ቅዳሜ ከሰዓት ክፍሌ ክፍት ነው። አንዳችን እናስተምር፣ ሌላችን ዳር ቁጭ ብለን ያየነውን እንጻፍ። ለመጀመሪያው ቀን ሮል አፕን መርጫለሁ።