ኮምፒውተሩ ላይ የሚከፈት፣ ስልኩ ላይ እምቢ የሚል ሰርቨር

ኮምፒውተራችሁ ላይ ካስነሣችሁት ሰርቨር (ገጽ የሚያቀርብ ፕሮግራም) የሚመጣ፣ እዚያው ያለ እንከን የሚሠራ ገጽ ስልካችሁ ላይ አልከፈት ካለ፣ ኮዱን ከመነካካታችሁ በፊት የጻፋችሁትን አድራሻ እዩ። ሎካልሆስት ማለት «ይኸው መሣሪያ ራሱ» ማለት ነው። ስልኩ ላይ ስትጽፉት ስልኩ ራሱ ውስጥ ሰርቨር ይፈልጋል፤ አያገኝም።

ቀጥሎ የሚታየው ሰርቨሩ የሚያዳምጥበት አድራሻ ነው። 127.0.0.1 ከሆነ ከዚያው ማሽን ውጪ ማንንም አያስተናግድም፤ 0.0.0.0 ከሆነ በዋይፋይም በኬብልም የመጣውን ይቀበላል። ከፓይተን ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ጋር የሚመጣው ቀላል ሰርቨር እንዳለ ቢነሣ በፖርት (የማሽኑ የመግቢያ በር ቁጥር) 8000 ለሁሉም ክፍት ነው። በፓይተን ድረ ገጽ መሥሪያ የሆነው ጃንጎ ግን ለዚያው ማሽን ብቻ ሆኖ ስለሚነሣ፣ ከማስነሻ ትእዛዙ ከራንሰርቨር ቀጥሎ 0.0.0.0:8000 ጻፉለት። ይህም አይበቃም፦ ሴቲንግስ ፋይሉ ውስጥ በተፈቀዱ ሆስቶች ዝርዝር ላይ የኮምፒውተሩን አይፒ (በኔትወርኩ ላይ ያለውን የቁጥር አድራሻ) ካልጨመራችሁ ስልኩ ላይ 400 ስህተት ይመጣል። ሌላውን የፓይተን ድረ ገጽ መሥሪያ፣ ፍላስክን፣ ማክ ላይ ለምታስነሡ ደግሞ፣ የተለመደ ፖርቱን 5000ን ከሞንተሬይ (የማክ ሲስተም ስሪት) ጀምሮ ኤርፕሌይ ሪሲቨር የሚባለው የማኩ አገልግሎት ስለሚይዘው ወደ 5001 ቀይሩት።

አይፒውን ዊንዶውስ ላይ በአይፒኮንፊግ፣ ሊኑክስ ላይ በአይፒ ኤ ታገኙታላችሁ። 192.168.1.7 ከሆነ ስልኩ ላይ 192.168.1.7:8000 ብላችሁ ጻፉ፤ ከፊቱ ኤችቲቲፒ መሆኑን አረጋግጡ፣ ኤስ ከተጨመረበት አይከፈትም።

አሁንም ገጹ ሲጠበቅ ቆይቶ ከቀረ ፋየርዎሉን (ከውጭ የሚመጣ ግንኙነትን የሚያግደውን መከላከያ) ጠርጥሩ። ዊንዶውስ ዋይፋዩን «ፐብሊክ» ብሎ መዝግቦት ይሆናል፤ የራሳችሁ ኔትወርክ ከሆነ ወደ «ፕራይቬት» ቀይሩትና ለፓይተን ፈቃድ ስጡት። ፋየርዎሉን ጨርሶ ማጥፋት ግን ስንፍና ነው። የካፌና የእንግዳ ዋይፋይ ብዙ ጊዜ መሣሪያዎች እርስ በርስ እንዳይገናኙ ይከለክላል። ያኔ የስልካችሁን ሆትስፖት ከፍታችሁ ኮምፒውተሩን አገናኙበት፤ በሁለቱ መካከል የሚመላለሰው ዳታ ስለማይቆጥር ጥቅል ባይኖራችሁም ይሠራል።

የአንድሮይድ ኢሙሌተር (ኮምፒውተር ላይ ስልክን የሚያስመስል ፕሮግራም) ኮምፒውተሩን የሚያውቀው በ10.0.2.2 ነው። የአይፎን ሲሙሌተር የማኩን ኔትወርክ ስለሚጋራ ሎካልሆስት ይበቃዋል።

ካሜራ ወይም የቦታ መረጃ የሚጠይቅ ገጽ ሌላ ጣጣ አለው። ብራውዘሮች እነዚህን የሚፈቅዱት በኤችቲቲፒኤስ ወይም በሎካልሆስት ብቻ ስለሆነ በ192.168 አድራሻ ዝም ይላሉ። ለአንድሮይድ ቀላሉ መላ ስልኩ ላይ የዩኤስቢ ዲበጊንግ የሚለውን የገንቢዎች አማራጭ አብርቶ ስልኩን በኬብል ማገናኘትና ኮምፒውተሩ ላይ በኤዲቢ (የአንድሮይድ ማዘዣ መሣሪያ) «ኤዲቢ ሪቨርስ ቲሲፒ:8000 ቲሲፒ:8000» የሚለውን ትእዛዝ መስጠት ነው (በላቲን ፊደል፣ ሁሉም በትናንሽ ፊደላት)። ከዚያ በኋላ ስልኩ ላይ ሎካልሆስት:8000 ሲጻፍ የሚመልሰው ኮምፒውተሩ ነው፤ ዋይፋይም አያስፈልግም። ኬብሉ ከተነቀለ ትእዛዙን ድገሙት። ለአይፎን ይህ መንገድ የለም፤ ኤምኬሰርት በሚባለው መሣሪያ ለኤችቲቲፒኤስ የሚያስፈልገውን ሰርተፍኬት ሠርታችሁ፣ የሥር ሰርተፍኬቱን ስልኩ ላይ ጭናችሁ፣ ሴቲንግስ ገብታችሁ እምነት መስጠት አለባችሁ።