እጁን ወደ ኋላ ያጣመረው አርክቴክት

ሎስ አንጀለስ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ኡበር እሠራ ነበር። አገር ቤት ድራፍቲንግ ተምሬ፣ አምስት ዓመት የሰው ቤት ፕላን ስስል ነው የኖርኩት። እዚህ ግን ሲቪዬን ያየ ሁሉ «የአሜሪካ ልምድ አለህ?» ይለኛል። ሳይቀጥሩኝ ከየት ላመጣው?

አንድ ቀን ከፌርፋክስ፣ ከኛው ሊትል ኢትዮጵያ፣ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት አዛውንት ጫንኩ። ላፋዬት ስኩዌር የሚባለው ሰፈር ስንደርስ «ቀስ በል ልጄ» አሉኝና በጣታቸው አንድ ቤት አሳዩኝ። «የፖል ዊልያምስ ቤት ነው።» ማን እንደሆነ አላውቅም። ማታ ስልኬ ላይ ስለሱ ሳነብ አመሸሁ።

በፈረንጆቹ 1894 እዚሁ ከተማ ተወለደ። በአራት ዓመቱ እናትም አባትም አልነበረውም፤ ሁለቱንም ቲቢ ወሰዳቸው። ቢሆንም በ1921 የአርክቴክትነት ፈቃዱን አወጣ። በ1923 የአሜሪካ አርክቴክቶች ኢንስቲትዩት የመጀመሪያው ጥቁር አባል ሆነ። እነ ፍራንክ ሲናትራን የመሳሰሉ የሆሊውድ ሰዎች ቤታቸውን አሠርተውታል።

ጥቁር አጠገቡ ሲቀመጥ የሚከብደው ነጭ ደንበኛ አይጠፋም። ስለዚህ ከጠረጴዛው ማዶ ሆኖ ገልብጦ መሳል ተማረ። ለራሱ የተዘቀዘቀው ለደንበኛው ቀጥ ብሎ ይታያል። እኔም ወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ሞከርኩት። ግድግዳው እንደምንም ወጣልኝ። በሩ ወዴት እንደሚከፈት የሚያሳየውን ቅስት ግን አዙሬ ስዬው የሽንት ቤቱ በር ሳሎን ላይ ተከፈተ። ባለቤቴ በሳቅ ሞተች።

አንጀቴን የበላው ግን ሌላ ነው። ግንባታ ሲጎበኝ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ነበር የሚሄደው። ጥቁር መጨበጥ የማይፈልግ ሰው እንዳይሳቀቅ፣ ቀድሞ እጅ የሚዘረጋው ሌላው እንዲሆን ብሎ ነው። አባቴ ፎርማን ነበር። ኮንክሪት ሲሞላ ልክ እንደዚያ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቆማል። አባቴ እንዲያ ሲቆም ሠራተኛው ሁሉ ቀጥ ይላል። የፖልን ታሪክ ሳነብ ትዝ ያለኝ እሱ ነው፤ ንዴትም እንባም አንድ ላይ መጣብኝ።

ደግሞ ቤት ከነደፈባቸው ሰፈሮች ብዙዎቹ ውስጥ መኖር አይችልም ነበር። የቤቱ ውል ላይ ጥቁር እንዳይገባ ተጽፏላ! ያንን ውል የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋጋ ያሳጣው በ1948 ነው። አዛውንቷ ያሳዩኝን የራሱን መኖሪያ ቤት የሠራው ከዚያ በኋላ ነው።

ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ መኪናዬን አቁሜ ቤቱን ከማዶ አየሁት። ጣሪያውን፣ መስኮቱን በዓይኔ እለካለሁ። ከጎረቤት ቤት መጋረጃ ሲገለጥ ነው እጄን ወደ ኋላ ማጣመሬን ያወቅኩት። ፈታሁትና ወደ መኪናዬ ሄድኩ።