አንድ ሊትር ስንት ነው?

ዛሬ ከሐይቅ ገጠር የመጣች እናት ልጇን ተቅማጥ አድክሞት አገኘሁት። የዚንክ ኪኒንና ኦአርኤስ (በተቅማጥ የወጣውን ውሃና ጨው የሚተካ፣ በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት) ሰጠኋትና «አንዱን የኦአርኤስ ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ በጥብጪው፤ ገባሽ?» አልኳት።

«አዎ ሲስተር።»

«እስኪ አሳዪኝ» ስላት ብርጭቆ አነሳች። ሙሉ ፓኬቱን ልትገለብጥበት! እንዲያ ከወፈረ ጨዉ ልጁን ይጎዳል።

«አብሽሪ» ብዬ የአንድ ሊትር ሃይላንድ ሰጠኋት። ሞላች፣ በጠበጠች፣ ቀመሰችው። «እንባ እንባ ይላል» አለች። ልክ ነው፤ ጨዉ ከእንባ መብለጥ የለበትም። ከዚያ በማንኪያ ቀስ እያለች አጠጣችው። ከ24 ሰዓት በላይ የቆየውን እንድትደፋው፣ ዚንኩንም ተቅማጡ ቢቆም እንዳታቋርጥ ነገርኳት።

ሰዉ ነጭ ጋውን ፊት «አልገባኝም» ማለት ይከብደዋል፤ «አዎ» የሚለው አክብሮን ነው። ነርሶች፣ እባካችሁ፣ በተግባር ሲያሳዩን ሳናይ አንሸኛቸው።