ቋሚ ንብረት አይሰበርም

ኦ-ክፍል፣ ማለትም ልጆች አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት የሚማሩበት ክፍል፣ ባለበት የመንግሥት ትምህርት ቤት የሠራ ሁሉ ያንን ቁም ሳጥን ያውቀዋል፦ የመስተዋት በር፣ ተንጠልጣይ ቁልፍ፣ ውስጡ ከነላስቲኩ የተደረደረ መጫወቻ። ፊት ለፊቱ ምንጣፍ ላይ ደግሞ እጁን ያጣመረ አርባ ልጅ።

ይኼኛው ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ወላጆቹ ባብዛኛው የቀን ሠራተኞች፣ ጉሊት ቸርቻሪዎችና በየሰው ቤት ልብስ የሚያጥቡ ናቸው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የፖሊሲ ማዕቀፍ ኦ-ክፍልን ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲያመጣ ወንበር አስከትሎ አልመጣም፤ የትልልቆቹ ዴስክ እየተገፋ ገባ። እዚያ ላይ የተቀመጠ ልጅ እግሩ ይንጠለጠላል፣ ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል፣ ከዚያ «አይረጋጋም» ይባላል። ቁመቱ ከ93 እስከ 116 ሳ.ሜ. ለሆነ ልጅ መቀመጫው 26፣ ጠረጴዛው 46 ሳ.ሜ. ይሆናል፤ ረዘም ላሉት 31 እና 53። ብረት ቤት ልኬቱን በወረቀት ተቀብሎ «ትንሽ ከፍ ቢል ያድጉበታል» ብሎ በራሱ ስለሚጨምር፣ የመጀመሪያው ወንበር በሜትር ሳይለካ ሌላው አይበየድም።

የቦርሳ መስቀያ ከወለሉ 90 ሳ.ሜ. አካባቢ ይመታል። ከልጁ ስም ጎን ምልክት ይለጠፋል፦ ጀበና፣ ዶሮ፣ ጨረቃ። ስሙን ማንበብ የማይችል ልጅ ጨረቃዋ የሱ መሆኗን ለመልመድ ጊዜ አይፈጅበትም። ቦርሳ የሌለውም መስቀያ ያገኛል፤ ሹራቡን ይሰቅልበታል። በምልክቱ ፋንታ የልጁን ፎቶ አምጡ ተብሎ ወላጅ አይጠየቅም።

ወደ ቁም ሳጥኑ እንመለስ። ውስጡ ያለው አንድ ረጂ ያመጣው የእንጨት ብሎክ ነው፤ ጥሩ ብሎክ፣ ጠርዙ የተሞረደ። ዕቃ ገቢ የሚሆነው በሞዴል 19፣ ወጪ የሚሆነው በሞዴል 22 ነው። መምህርቷ ለማስወጣት ሞዴል 20 የተባለውን የዕቃ መጠየቂያ ቅጽ ሞልታ ንብረት ክፍል ኃላፊው ዘንድ ሄደች።

«ጋሼ፣ ብሎኩ ለልጆቹ እኮ ነው የተሰጠው።»

«ሞዴል 19 የተቆረጠው በማን ስም ነው? በኔ።»

«በሞዴል 22 በኔ ስም ያውጡልኛ።»

«አንዱ ቢጎድልሽ ከደመወዝሽ ነው ቲቸር። ይሰብሩታል ደግሞ።»

«ይሰበር! ልጅ ይጫወትበት ተብሎ አይደል የተሠራው?»

«እሱማ ቢሆን አላቂ ተብሎ ይገባ ነበር። ቋሚ ተብሎ ነው የገባው። ቋሚ ንብረት አይሰበርም።»

ሰውየው ይህን ያሉት ያለ አንዳች ፈገግታ ነው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ቆጠራ ሲመጣ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው፣ ስለልጆቹ የጨዋታ ሰዓት ደግሞ የሚጠይቃቸው የለም። የሚገርመው ሌላው ነው። ሊገመግም የመጣው ቡድን ቁም ሳጥኑን በመስተዋቱ በኩል አይቶ «የግንባታ ጥግ» በሚለው ፊት ለፊት የ«አለ» ምልክት አድርጎ ሄደ። ከልጆቹ አንዱ ብሎክ ነክቶ ያውቅ እንደሆነ ቅጹ አይጠይቅም።

ስለዚህ ጥጉ ከመዝገብ ውጪ ተሠራ። ለመቁጠሪያ ከግሮሰሪ የተለቀመ ቆርኪ፤ ስለታሙ ጠርዝ ወደ ውስጥ በመዶሻ ይቀጠቀጣል። በየሳምንቱ መጉደሉ አይቀርም፣ በኪስ ተይዞ ቤት ይገባል፤ ይተካል እንጂ የልጅ ኪስ አይፈተሽም። ለማድቦልቦያ መመሪያዎቹ 2 ኩባያ ዱቄትና 1 ኩባያ ጨው በዘይትና በውሃ ማቡካት ይላሉ። ሊጡ ጥሩ ይሆናል፣ ግን ቁርስ ሳይበላ በመጣ ልጅ ፊት ዱቄት ለጨዋታ ማቡካት ነውር ነው። ከሸክላ ሠሪዎች የሚገኝ አፈር ይሻላል፤ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ላስቲክ ውስጥ ከታሰረ ሳይደርቅ ይከርማል።

ብሎኩ ነው ያስቸገረው። መሠረታዊው ቁራጭ ውፍረቱ 3.5፣ ስፋቱ 7፣ ርዝመቱ 14 ሳ.ሜ. ነው፤ ግማሹ 7፣ እጥፉ 28። ሁለት ቁራጭ ጫፍ ለጫፍ ሲጋደም ከአንዱ እጥፍ ጋር እኩል ካልመጣ ድልድዩ ይንጋደዳል፣ ልጁም ጥፋቱ የሱ ይመስለዋል። አናጢ 28ቱን መሐል ለመሐል ከሰነጠቀ መጋዙ ሁለት ሦስት ሚሊ ስለሚበላ ሁለቱም ያጥራሉ፤ እያንዳንዱ ለብቻው ተለክቶ ይቆረጣል። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ስለሚጣመምና ስለሚሰነጠቅ አይሆንም፤ የደረቀ የፈረንጅ ጽድ ይመረጣል። በብርጭቆ ወረቀት መጀመሪያ በሻካራው፣ ከዚያ በለስላሳው ይታሻል። ቫርኒሽ ባይቀባም ይኖራል።

ቁም ሳጥኑ አሁንም እንደተቆለፈ ነው፤ ገምጋሚ ሲመጣ ይወለወላል። መምህርቷ ግን ዘዴውን አውቃለች። በሚቀጥለው የግዥ መጠየቂያ ላይ «ብሎክ» አላለችም፤ «የእንጨት ቁርጥራጭ፣ 120፣ አላቂ» ብላ፣ ከሥሩ ልኬቱን እስከ ሚሊ ሜትሩ ዘርዝራ አቀረበች። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ቀና ሳይሉ ፈረሙ። ወረቀቱን ሲመልሱላት ግን አንዴ አየት አድርገው፦

«ለቁርጥራጭ ይኼ ሁሉ ልኬት ምንድነው?» አሏት።