ጨለማው ክፍል ውስጥ ቲክ ቲክ

የዓይን ክፍል ነርስ ነኝ። መመርመሪያ ክፍላችን መጋረጃው ሲዘጋ ጭልም ይላል፤ ወሬም አይወራበት። አንድ ጠዋት ዶክተሩ አንዲት ሴት እያየ ሳለ ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ ሰማሁ። የግድግዳው ሰዓት መስሎኝ አለፍኩት።

የዓይን ቲቢ ተባለችና መድኃኒት ጀመረች። ምክሩን የሰጠኋት እኔ ነኝ። ሽንትሽም እንባሽም ብርቱካንማ ይሆናል፣ አትደንግጪ አልኳት። ከቲቢ መድኃኒቶቹ አንዱ፣ ኢታምቡቶል፣ የዓይን ነርቭ ሊጎዳ ስለሚችል፣ ቀይና አረንጓዴ መለየት ካቃተሽ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ነይ አልኳት። «ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» የሚለውን ግን ዘለልኩት። ወረፋው ረጅም ነበር። ሰበብ መሆኑን አውቃለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት መጣች። «ሲስተር፣ ትናንት ቡና እየቆላሁ ደህነኛው ዓይኔ ላይ መጋረጃ ወረደብኝ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ተነሣ።»

ኢታምቡቶልን ጠረጠርኩ። የቀለም መጽሐፉን ባሳያት አንድም ቁጥር አልሳተችም። ደግሞ ኢታምቡቶል ቀስ እያለ ነው የሚጎዳው፣ ብዙ ጊዜም ሁለቱንም ዓይን። እንዲህ መጥቶ አይሄድም።

የዓይን ብሌን ማስፊያ ጠብታ አድርጌላት ጨለማው ክፍል አስቀመጥኳት። ቲክ ቲክ። በስልኬ መብራት ግድግዳውን አየሁ። ሰዓቱ ቆሟል።

«የኔ እህት፣ ልብሽን ታክመሽ ታውቂያለሽ?»

ነጠላዋን ገለጥ አደረገች። ደረቷ መሀል ቁልቁል የወረደ ጠባሳ። የልጅነት የጉሮሮ ሕመም መዘዝ ቫልቯን አበላሽቶት በብረት ተቀይሮላታል። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን ትወስዳለች። «ለዓይን ነው የመጣሁት ብዬ አልነገርኳችሁም» አለች።

እሷ ምን ታድርግ? ከቲቢ መድኃኒቶቿ አንዱ፣ ሪፋምፒሲን፣ ጉበትን ያነቃዋል፤ የነቃ ጉበት ደግሞ ዋርፋሪኑን ቶሎ ቶሎ ፈጭቶ ያስወግደዋል። ክኒኗን አንድ ቀን ሳታጓድል ደሟ መርጋት ይጀምራል። ደሟ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየው ምርመራ፣ አይኤንአሯ፣ 1.3 ወጣ፤ ለእሷ ቫልቭ የሚፈለገው ከ2.5 እስከ 3.5 ነበር። ዶክተሮቹ መጋረጃውን ያወረደው ከቫልቩ ተነሥቶ ዓይኗ የደረሰ ትንሽ የረጋ ደም ነው አሉ። ወደ አንጎል ቢሄድስ ኖሮ!

የልብ ሐኪሞቹ አስተኝተው ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ የሄፓሪን መርፌ ጀመሩላት። ዋርፋሪኑንም እየለኩ ጨመሩት፤ ከእጥፍ በላይ ደረሰ። የቲቢ መድኃኒቷ አልተቋረጠም።

ሪፋምፒሲኑ ሲያልቅ ግን ጉበት በሳምንታት ውስጥ ወደ ልማዱ ይመለሳል። ያን ጊዜ ይኸው የተጨመረው ዋርፋሪን ደም ያፈሳል። የመጨረሻዋን ክኒን የምትውጥበትን ቀን ካርዷ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጻፍኩ። ከሥሩ የአይኤንአር ቀጠሮዋን። እሷም ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሣችው።