ለምለሙን በምን በጠበጥሽው?

ጅማ ውስጥ በሕፃናት ክፍል የምሠራ ሐኪም ነኝ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን ስልኬ አያርፍም፤ «ልጄ ይህን ያህል አምጥቷል፣ ሕክምና ይደርሰው ይሆን?» የሚል ወላጅ ብዙ ነው። አይፈረድባቸውም። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እኔም ለዓመታት ከውጤት ሌላ ዳኛ የለም ባይ ነበርሁ።

አንድ ክረምት ተቅማጥ የያዘው የስምንት ወር ሕፃን ገባ። የሕመሙን ታሪክ የጻፈው ኢንተርን፣ ማለትም በሆስፒታል እየሠራ የሚማር የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪ፣ ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣ ልጅ ነው። «በቤት ለምለም ተሰጥቶታል» ይላል ካርዱ፤ ለተቅማጥ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣውን የጨውና የስኳር ዱቄት ማለቱ ነው። አንብቤ ፈረምሁ። ሕፃኑ ግን ጩኸቱን አላቋርጥ አለ፤ ቆዳው ሲቆነጥጡት እንደ ሊጥ ይለመጣል። የደሙ ሶዲየም፣ ማለትም ጨው፣ 168 ሆኖ መጣ፤ እጅግ ከፍ ያለ ነው።

የጠየቀችው ነርሷ ናት። «እኅቴ፣ ለምለሙን በምን በጠበጥሽው?»

እናትየዋ ከዘንቢሏ አንዲት አረንጓዴ የፕላስቲክ ኩባያ አወጣች። «በዚህች።»

«ፓኬቱን ሙሉውን?»

«አዎ፣ ከቀጠነ ምን ይሠራለታል ብዬ።»

በኩባያዋ ውሃ እየቀዳን ለካን፤ አንዱ ፓኬት ሊበጠበጥበት የሚገባው አንድ ሊትር የሞላው በአራተኛው ነው። ልጁ ሲጠጣ የሰነበተው አራት እጥፍ ጨው ነበር።

የኢንተርኑ ፊት ዐመድ መሰለ። አንድ ሊትር ለምለም 75 ሚሊሞል ሶዲየም እንዳለው በቃሉ ያውቃል። በምን እንደተበጠበጠ ግን አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅሁም፤ ፊርማው የእኔ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። እንዲህ የከረመ ሶዲየም በችኮላ ከወረደ አንጎል ያብጣል፤ በሁለት ቀን ቀስ እያለ መውረድ አለበት። ሁለት ሌሊት ሳይተኛ ፈሳሹን ጠብታ በጠብታ እያሰላ ሕፃኑን ለእናቱ የመለሰው ያው ልጅ ነው። እንዲህ ያለው ስሌት በደግነት ብቻ አይሠራም። ስለዚህ «ውጤት ምን ይሠራል?» ከሚሉት ጋር አልስማማም። የምሟገተው በነጥብ ያለፈው ተማሪ ነጭ ጋውን ከመልበሱ በፊት ከአንዲት እናት ፊት ተቀምጦ ሲጠይቅና ሲያዳምጥ ይታይ ብዬ ነው፤ ያም ነጥብ ይኑረው።

አሁን አዲስ ኢንተርኖች ሲመጡ በመጀመሪያው ጠዋት ከሂርማታ ገበያ የገዛኋትን ኩባያ እሰጣቸዋለሁ። አንድ ሊትር ይለካሉ፤ ከዚያ ወደ እናቶቹ እንሄዳለን።